ቁም ነገርና ዳንኪራ

አጎቴ ሲኒያቸውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ መለሱት። «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ልጁ ስልክ እያመለከቱ። ሐሙሲት፣ አክስቴ ቤት ነን። ቡናው ገና አቦል ላይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚያልፉት መኪኖች ጡሩንባ ከደጅ ይሰማል። የአክስቴ የልጅ ልጅ የሮፍናንን ዘፈን ከፍቶ፣ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ በራሱ ዓለም ውስጥ ነበር።

«ሙዚቃ ነዋ፣ አባባ!»

«ሙዚቃማ ሰው ሲጫወተው ነው። ይኼ ማሽን ነው። ቢበዛ ዳንኪራ ነው እንጂ ቁም ነገር የለውም።»

አክስቴ «ተዉት እንግዲህ፣ ልጅ አይደል» ብላ ፍሙን ቆሰቆሰች፤ ጨዋታውም ወደ ሩዝ ዋጋ ዞረ።

እኔ ግን ከዚያች «ቁም ነገር» ከምትለው ቃል መላቀቅ አቃተኝ። እስቲ እናንተም ሲኒያችሁን ያዙና ስሙኝ። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተሠራ፣ ሰው እንዲጨፍርበት ታስቦ የተቀናበረ ሙዚቃ እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይቆጠራል ባይ ነኝ። እንዲያውም ከማንም ይልቅ እኛ፣ የዚህ አገር ሰዎች፣ ልንጠራጠረው አይገባም ነበር።

አማርኛችን የሚያከብረውን ነገር ያቆመዋል። ቁም ነገር እንላለን፤ ቁም ጽሕፈት እንላለን፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቁም ዜማ አለ። የቆመ ይታመናል፣ የሚወዛወዝ ይናቃል። አጎቴ ዘፈኑን ዳንኪራ ብለው ሲጥሉት ጥፋቱ ከማሽን መውጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ማስጨፈሩም ነው። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ የሚሰማው ጥበብ ይባላል፤ ትከሻውን ይዞ ከመቀመጫው የሚያስነሣው ደግሞ ጊዜ ማሳለፊያ።

አጎቴ ግን ይህን ሊሉ የሚገባቸው ሰው አይደሉም። በልጅነታቸው አኮፋዳ አንጠልጥለው ወደ ጋይንት የሄዱ፣ ዜማ የቀመሱ ናቸው። ጋይንት የእኛው ደቡብ ጎንደር ነው፤ የድጓ መምህራን የሚያስመሰክሩባት ቤተልሔም ያለችው እዚያ ነው። እርሳቸው እስከዚያ አልዘለቁም፤ አባታቸው ሲሞቱ ወደ እርሻው ተመለሱ። ጆሯቸው ግን እዚያው ቀርቷል። የዚያን ዕለት ማታ፣ ዘፈኑን ረስተውት እንደሆነ ብዬ፣ የማኅሌቱን ሥርዓት እስቲ ያስረዱኝ አልኳቸው። ደስ አላቸው። መደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና በጣታቸው አንጓ እንጨቱን እየመቱ ጀመሩ።

መጀመሪያ ቁም ዜማው ነው። በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ከበሮው ዝም ብሎ ተቀምጧል። አጎቴ እዚህ ላይ እጃቸውን አነሡ፤ እንጨቱን አልነኩትም። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ሊቃውንቱ ወዲያና ወዲህ ይዘማሉ። ከዚያ ከበሮው በመረግድ ይገባል፤ ዝግ ብሎ፣ በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ሰፊ ቦታ እየተወ። የአጎቴ ጣት እንጨቱን መታ፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ መታ። ከመረግድ በኋላ ጽፋት ነው፤ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። ያው አንድ ቃል፣ ያው አንድ ዜማ ነው፤ ግን እያደር እየከበደ፣ እየሞቀ፣ በመጨረሻ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ጠጉር ይይዛል። «መረግዱን ሳትታገሥ ጽፋቱ አይጥምህም» አሉኝ አጎቴ።

ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ፣ መዝመሙን፣ ማሸብሸቡን፣ ከበሮ አመታቱን የሚያስተምረው ጉባኤ ስሙ ማን ነው? አቋቋም! የጎንደሩ የበአታ ደብር የሚታወቅበት ትምህርት ነው። አባቶቻችን የአካልን እንቅስቃሴ የመቆም ዓይነት አድርገው ነው የሰየሙት። በደንብ የሚንቀሳቀስ ሰው፣ በእነርሱ አነጋገር፣ አቋቋም ያውቃል።

ማኅሌትንና ጭፈራን አንድ ማድረጌ አይደለም፤ አንዱ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና ነው፣ ሌላው የሰው ደስታ። የምናገረው ስለ ጆሮ ነው። ጥሩ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው የሚጨነቀው በምንድን ነው? መቼ ከበሮውን ከልክሎ ሰውን እንደሚያስጠብቅ፣ መቼ ባሱን እንደሚያስገባ፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ ሲደርብ የትኛውን ቀስ ብሎ እንደሚያወጣ። አንድ ሐሳብ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ እስኪሞላ ድረስ ማሳደግ ነው ሥራው። ይህን ከቁም ነገር የማይቆጥር ሰው ጽፋት መረግድን ተከትሎ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ይንገረኝ።

ማሽንነቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሐሊም ኤል-ዳብ ይባላል፤ ግብፃዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ፣ ሴቶች ዛር ሲያወርዱ የሚዘፍኑትን ቀዳ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ የቀዳውን ድምፅ አንዱን አጉልቶ፣ ሌላውን ቆርጦ፣ በገደል ማሚቶ ውስጥ አሳልፎ አዲስ ነገር አደረገው። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በባቡር ድምፅ ያንኑ የመሰለ ሥራ ሠርቶ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ኤል-ዳብ አራት ዓመት ቀድሞታል። እንግዲህ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የዛር ዘፈን ነው ማለት ነው።

ዛር ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከተማ ወራት ተቀምጦ የዛር ቤቶችን ሲያይ፣ ሲጽፍ ከርሟል፤ ኋላም ባሳተመው መጽሐፍ በዛሩ ውስጥ ያለውን ትያትር አሳይቷል። እኔ ዛርን ለማወደስ አይደለም ይህን ያነሣሁት። ግን በከበሮና በጭብጨባ ተደጋጋሚነት ሰውን ከራሱ የሚያወጣ ጥበብ እኛ ዘንድ ከመብራት በፊት እንደነበረ ማን ይክዳል?

የኤል-ዳብ ታሪክ እዚያ ቢያበቃ ለእኛ ሩቅ በሆነ ነበር። አላበቃም። ሰውዬው አሜሪካ ሄዶ ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ውስጥ ሠራ፤ ከዚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው እርሱ ነው! ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውን በአንድ መድረክ ያስቀመጠው፣ ኋላ ተስፋዬ ለማ ለረጅም ጊዜ የመራው ያ ኦርኬስትራ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሥቼ ቆምኩ። ባህላችንን ከማሽን እናድን ስንል የምንጠቅሰውን ኦርኬስትራ ያቋቋመው በማሽን ሙዚቃ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነ ሰው ነው። ለእርሱ ሽቦውም ማሲንቆውም ድምፅ ናቸው፤ ጥያቄው ምን ታደርግባቸዋለህ የሚል ነው።

ድምፅ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ሲዛወር የሚነሣው ጩኸትም አዲስ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ነፋው። ሽለላ ማለት እኮ የእኛ አገር ወንድ ጎራዴውን እየሰበቀ የሚያወርደው ነው፤ ከቤልጅግ የመጣ ነሐስ ላይ ያምራል ብሎ ማን ያስብ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን ሸክላውን ዛሬ የሚሰማ ሰው ሳክስፎኑ ባዕድ መሆኑን ይረሳዋል። አዝማሪውም ቢሆን ስሙ ስንት ዘመን የስድብ ያህል ሲጠራ ኖሯል፤ ያውም ማሲንቆው የእንጨትና የጭራ ሆኖ ሳለ። ንቀቱ ማሽን ከመምጣቱ በፊት ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካኝ ግን ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ፤ እርሱ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ካሴት ሲሠራ ግን ነፊ የለም፣ ከበሮ መቺ የለም። አኮርዲዮኑን አወጣ፤ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ሪትም የሚመታ ማሽን ያዘ፤ ብቻውን ተቀመጠና የልጅነቱን ዜማዎች ተጫወታቸው። «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ካሴት እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። በእንግሊዝኛ የሰጠው ርእስ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» እንደማለት ነው። ክላሲካል አለው! ስለ ቁም ነገር የሚጠይቅ ካለ ሰውየው ራሱ ሽፋኑ ላይ መልሶለታል። ማሽኑ እዚያ ካሴት ውስጥ ምቱን አይስትም፣ አይደክምም፤ አኮርዲዮኑ ከላይ እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ይዘገያል፣ ይቀድማል። ያ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው ስደቱን የሚነግራችሁ። በባንድ ቢጫወተው ኖሮ ይህን ብቸኝነት አናገኘውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኤርፖርት ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ከኋላ ወንበር ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማው፤ ወደ መድረክም ተመለሰ። ማንም በማይሰማበት፣ በኋላ ወንበር ላይ፣ ዓመት ከዓመት ጣቱን ያላሰነፈ ሰው የሠራውን ጊዜ ማሳለፊያ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ዛሬ አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ከዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። እንደገና ሙሉ የሚባለው አቀናባሪ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ጠራው። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ፤ የአዝማሪ ድምፅና የከተማ ጫጫታ በኮምፒውተር ተሸምኖ የሚሰማበት ሥራ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከአገር ውስጥ ይልቅ ውጭ ይታወቃሉ። ሮፍናን ግን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» ነገሩን አክስቴ ቤት ድረስ አደረሰው። ከቦሌ ጭፈራ ቤት ሐሙሲት መደብ ላይ! ልጁ በጣቱ ጉልበቱን ሲመታ አየሁት እንጂ ፈረንጅ ሲመስል አላየሁትም።

በነገራችን ላይ ይህ ክርክር ጀርመን አገር ፍርድ ቤት ደርሷል። በርሊን ውስጥ በርግሃይን የሚባል የቴክኖ ጭፈራ ቤት አለ። የመግቢያ ቲኬቱ እንደ መዝናኛ 19 በመቶ ግብር ይከፈልበት ወይስ እንደ ኮንሰርት 7 በመቶ የሚል ጉዳይ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፍርድ ቤቱ ሰው የሚመጣው ሙዚቃውን ብሎ ነውና ኮንሰርት ነው አለ። በ2024 ደግሞ የበርሊን ቴክኖ በጀርመን የማይዳሰሱ ቅርሶች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ለእኔ የዳኛ ውሳኔ ጆሮን አይተካም። ግን ባኽና ቤትሆቨንን ያፈራ ሕዝብ ይህን ያህል ካደረገ፣ እኛ በአንድ ቃል ከደጅ ስንመልሰው ማፈር ይገባናል።

ከልጆቹም ጋር የምጣላበት ነገር አለ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር አጎቴን መበደል ይሆንብኛል።

ጭክጭካን ታውቁታላችሁ፤ የሠርጋችን፣ የእስክስታችን ምት ነው። በስድስት ይቆጠራል፤ ትከሻ የሚወርደው በዚያ ላይ ነው። የክለብ ሙዚቃ ግን አራት እኩል ምት ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ጭክጭካን እዚያ ላይ ለማስቀመጥ እያንዳንዱን ምት ሦስት ቦታ መክፈል ያስፈልጋል። ይህን ማሽኑ በደቂቃ ያደርገዋል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ማሽኑ ሦስቱን እኩል አድርጎ ይከፍላቸዋል። የእኛ አካባቢ፣ የፎገራ ሴት ከበሮ ስትመታ እኩል አይደለም። በአንድ እጇ ሰፊውን አፍ ትመታለች፤ በሌላው ጠባቡን ስትነካ ግን ለፀጉር ያህል ታዘገየዋለች። እስክስታ ወራጁ አንገቱን የሚሰብረው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። እርሷን ካጠፋኸው ትከሻ አይወርድም፤ ሰው ይዘላል እንጂ አይመታም። ጎበዝ አቀናባሪ ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ምት በእጁ ይገፋታል፣ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ሰነፉ ከኪቦርዱ የተዘጋጀውን ቢት ይጫንና ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ ወሎን በአንድ ቅርጫት ይከታል። ይህን ሁለተኛውን አጎቴ ማሽን ቢሉት አልከራከራቸውም።

ቅኝቱም እንዲሁ ነው። ኪቦርዱ ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት 12 እኩል ደረጃ አድርጎ ይከፍላል። ማሲንቆ ግን አንድ ጭራ ብቻ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ምልክት የለውም። የአንቺሆዬን ቅኝት በማሲንቆ የሰማ ሰው በሁለት ቁልፎች መካከል ያለች፣ ኪቦርዱ የማያውቃት ድምፅ እንዳለች ያውቃል። ያቺን ዝም ብሎ ማለፍ እንደ ወንጀል ነው የምቆጥረው።

እንግዳ ነገር ግን ልኩን ካገኙለት ይላመዳል፤ ሩዝም ለፎገራ እንግዳ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ሲያስተዋውቁት፣ ውኃ የሚተኛበት ያ ጥቁር ሜዳ ምን እንደሚያበቅል ገበሬው ያውቅ ነበርና ተጠራጠረ። ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለ፤ አክስቴ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅላ እንጀራ ትጋግራለች፤ ስንት እጅ ሩዝ ሲገባ እንጀራው ዓይን እንደሚያወጣ፣ ስንት ሲገባ እንደሚደርቅ የምታውቀው እርሷ ናት። ልኩን ማንም ከውጭ መጥቶ አልነገራትም፤ ምጣዱ ላይ ነው ያገኘችው።

ያ ሁሉ ጨዋታ በሆነ በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ሠርግ ነበረን። ዳሱ የተጣለው ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ነው። ሙዚቃው ሁለት ሰው ነው፤ ከወረታ የመጣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ኪቦርድ ተጫዋችና ከገጠር የመጡ ማሲንቆ የሚመቱ ሽማግሌ። ግራና ቀኝ ሁለት ሞንታርቦ ቆሟል። ሽማግሌው ማሲንቋቸውን በኪቦርዱ ልክ ቃኙ፤ ኪቦርዱ ወደ እርሳቸው ሊመጣ አይችልማ። ጭራውን ጠበቅ፣ ላላ አደረጉና ጀመሩ። አጎቴ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ሽማግሌው አጠገብ ተቀምጠዋል።

እኔ ልጁን ነበር የማየው። አንቺሆዬ ሲገቡ ሽማግሌው ጣታቸው ያቺን በመካከል ያለችውን ድምፅ ነካች። ኪቦርዱ ወደ ላይኛዋ ሄደ፤ ተጋጩ። ልጁ ቀና አለ። ሁለተኛ ሲመጣ ደግሞ ተጋጩ። በሦስተኛው የግራ አውራ ጣቱ ከኪቦርዱ ጫፍ ያለችውን፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ የምታደርገውን ትንሽ መዘውር ያዘና፣ ቁልፉን ሲጫን ጥቂት ወደ ታች ሳባት። ድምፁ ወረደና ማሲንቆው ላይ አረፈ። ሽማግሌው መምታታቸውን ሳያቆሙ ዞር ብለው አዩት። «ኧረ ልጄ!» አሉ፤ ሌላ ነገር አላሉም። ከዚያ በኋላ ያቺ ቦታ በመጣች ቁጥር አውራ ጣቱ ቀድማ ትጠብቃት ነበር።

ወደ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሞንታርቦው ዝም አለ። ሴቶቹ አንድ ቤት ዘፈን እንኳን አላሳለፉም፤ አንዷ ከበሮዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ሌሎቹ ጭብጨባውን ያዙ፣ ዳሱ በጨለማ ውስጥ ቀጠለ። አጎቴ በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን ይመቱ ነበር። ጀኔሬተር እስኪነሣ ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። አምፖሉ በራ፤ የኪቦርዱም መብራት በራ። ከኋላ የነበሩ ጎረምሶች «በለው! ልቀቀው!» ብለው ጮኹ።

ልጁ እጁን አንሥቶ ቁልፎቹ ላይ አላሳረፈውም። አንገቱን ወደ ሴቶቹ አዘንብሎ ከበሮውን ያዳምጣል፤ ከንፈሩ ይቆጥራል። አንድ ዙር አሳለፈ። ሁለተኛውንም አሳለፈ። በሦስተኛው ባሱን ብቻ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ከሰፊው አፍ ምት ሥር አስገባው፤ የጠባቡን አፍ ቦታ ባዶ ተወላት። ሴትየዋ ከበሮዋን ልታወርድ አንድ እጇን ወደ ማንገቻው ልካ ነበር። እጇን መለሰችው።